የሐይቅ ዳር ሰፈራችን ጥያቄና መልስ፦ አጥሩ፣ አሳው፣ ቅሬውና ሌላ ሌላው

እንዴት ናችሁ ጎረቤቶች፣ ወሎ ሐይቅ ዳር ያላችሁም ከዚህ የወጣችሁም፣ በያላችሁበት ሰላም ናችሁ ወይ። እኔ ደህና ነኝ አልሃምዱሊላህ፣ ያው ጉልበቴ ነው ብርድ ሲነካው የሚያስቸግረኝ። ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አጣ፣ ከሪያድ ይደወላል ከቤሩት ይደወላል ከደሴ ይደወላል፣ እዚሁ ሰፈር ያለው ደግሞ ቡና ላይ ጠብቆ ይይዘኛል፣ የሚጠይቁኝም ያው ነው፣ አጥሩ ምን ደረሰ፣ አሳው የት ገባ፣ ልጄ ሐይቅ ወርዶ ዋኘ ምን ላርገው። የቅሬ፣ የእድራችን ማለት ነው፣ ፀሐፊ ከሆንኩ 14 ዓመቴ ነው፣ ከዛ በፊት መረብ እጥል ነበር፣ በዚህ በዚህ ሁሉን የማውቅ መሰላችሁ። ዛሬ እሁድ ነው፣ መብራትም አልጠፋም፣ ሁሉንም ባንዴ መልሸ ልገላገል ብየ ተቀምጫለሁ። የጠያቂ ስም አልጠራም፣ የተጣላ ሰውም ስም አልጠራም፣ ነገ የምንቀባበር ሰዎች ነን።

ጥያቄ፦ ጋሸ ከሪያድ ነው የምደውለው፣ የአጥሩ ነገር ምን ደረሰ? እናቴን ስጠይቃት ታለቅሳለች እንጂ አትነግረኝም።

መልስ፦ እናትሽ የምታለቅሰው ስለ አጥሩ አይደለም ስለ ላሟ ነው፣ አልነገረችሽም ማለት ነው፣ በይ እኔ ልንገርሽ አትደንግጭ። ነገሩን ለማታውቁት ከስር ልጀምር። ከሾላው ስር ወደ ውሃው የምትወርደው የከብት መንገድ አለች አይደል፣ የሦስት ጎጥ ከብት በሷ ነው ወርዶ ጠጥቶ የሚመለሰው፣ አባቶቻችንም በሷ ነው ያወረዱት፣ ማንም ያንተ ናት ያንቺ ናት ብሎ ፅፎባት አያውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ከጎኗ ያለውን ማሳ ከባለይዞታው ተከራየ፣ ሎጅ ነገር ልሰራ ነው አለ፣ እሰየው አልን፣ ልጆቻችን ስራ ያገኛሉ ብለን። ዘንድሮ መስከረም ላይ ስንነሳ የሽቦ አጥር ከማሳው አልፎ መንገዷን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ አስር እርምጃ ገብቶ ቆሟል። ውሃው ውስጥ! አሳ እንዳይሰርቀው ነው መሰለኝ። ከዛ ከብቱ በገደሉ በኩል ዞሮ በቦረቦሩ ይወርድ ጀመር፣ በዚያ ነው የእናትሽ ላም እግሯን የሰበረችው። አርደናት ለጎረቤት በቅርጫ ተከፋፍለናታል፣ ገንዘቡን ለእናትሽ ሰጥተናታል፣ ግን የምትታለብ ላም ዋጋ በቅርጫ አይመለስም፣ ይሄን አንችም ታውቂዋለሽ።

ሽማግሌ ላክን፣ ሰውየው ወረቀት አለኝ አለ፣ ወረቀቱን አየነው፣ የማሳው ኪራይ ውል ነው፣ ስለ መንገድ አንድ ፊደል የለበትም። ከዛ አበጋሮቹ፣ የወሎ ትልልቅ አስታራቂዎች፣ ይቀመጡበት ተባለ። ባለፈው ሐሙስ ሾላው ስር ተቀመጡ፣ ሸሆቹም ቄሱም ነበሩ፣ በዱዓ ተከፈተ። ሰውየው አይመጣም ብለን ነበር፣ መጣ፣ ያውም አንድ ኪሎ ቡና ይዞ። ትልቁ አበጋር ቡናውን ተቀበሉና ከጎናቸው አስቀመጡት፣ "ይሄን የምንጠጣው ሲያልቅ ነው" አሉ፣ እስካሁን አልተፈላም። እሱ በር ልክፈትላችሁ አለ፣ ሁለት ሜትር፣ ማታ ማታ የሚቆለፍ። አንዷ ባልቴት ከኋላ ሆነው "ላም ቁልፍ አትከፍትም" አሉ፣ ያ ሁሉ ሰው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ እኔ ተስፋ ያደረኩት ያኔ ነው፣ የሚስቅ ሰው ይታረቃል። በመጨረሻ አጥሩ ወደ ማሳው ድንበር ይመለስ፣ ውሃው ውስጥ ያለው ሽቦ ይነሳ በሚለው ተስማማ፣ የላሟ ካሳ ግን ገና ነው፣ እሱ ግማሹን ልክፈል ይላል። ቅዳሜ ድንበሩ በገመድ ይለካል፣ የተለካውን እኔ ነኝ የምፅፈው፣ ያን ቀን ማታ ደውይልኝ።

ጥያቄ፦ ለምን ፍርድ ቤት አትከሱትም፣ በሽማግሌ ሙድ እስከመቼ?

መልስ፦ ይሄን የጠየቀው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው፣ አብሽር ልጀ ገብቶኛል። መክሰስ ይቻላል፣ ካልሆነም ይከሰሳል፣ ማንም አልከለከለም። ግን በፍርድ ቤት ብንረታው ሰውየው ተረትቶ የትም አይሄድም፣ እዚሁ አጠገባችን ነው የሚያድረው፣ የተረታ ጎረቤት ደግሞ እሳት ሲነሳ ባልዲ ይዞ አይወጣም። አበጋር ግን ጥፋተኛውንም ተበዳዩንም አብልቶ አጠጥቶ ነው የሚያስነሳው። ወሎ ውስጥ የደም ጉዳይ እንኳን፣ ሰው የሞተበት፣ በነሱ ጉማ፣ የደም ካሳ ማለት ነው፣ ተቆርጦ ያልቃል፣ አጥር ምን አላት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሐይቁ ዳር ላይ መሬት መግዛት እፈልጋለሁ፣ ካሬው ስንት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ በዚህ ወር ብቻ አራተኛው ነህ። ካሬው ስንት ነው ብሎ ነገር የለም ምክንያቱም አይሸጥም። ሕገ መንግስቱ፣ በ1987 የወጣው፣ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግስትና የሕዝብ ነው አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፣ ማረስ፣ ለልጁ ማውረስ፣ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት ይችላል፣ መሸጥ አይችልም። ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሊዝ ነው፣ አዋጅ 721/2004። ስለዚህ አንድ ደላላ "ሐይቅ ቪው ያለው 500 ካሬ" ብሎ ፎቶ ከላከልህ ያ ፎቶ የማን ማሳ እንደሆነ እኔ ላሳይህ እችላለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። ለሽርሽር ና፣ ቤቴ አለ፣ አልጋ አለ፣ መሬት ግን ልብህን አትጣልበት። ሌላው ደግሞ፣ ዳሩ ማለት ለኛ እይታ አይደለም፣ ከብት የሚጠጣበት ልብስ የሚታጠብበት ታንኳ የሚታሰርበት ነው፣ እዛ ላይ ቤት ሰርተህ በረንዳህ ላይ ቁጭ ስትል ከፊት ለፊትህ የምታየው የኔን በሬ ቂጥ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን ልጅ ሆኘ አሳው ሞልቶ ነበር፣ አሁን ገበያ ላይ ሁሉም እንደ ጣት ነው፣ ምን ሆነ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወድጀዋለሁ፣ እኔም ከጥፋተኞቹ አንዱ ስለሆንኩ። መጀመሪያ ቆሮሶው፣ ጥላፒያ የምትሉት፣ የኛ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀው። ከዛ በፊት የነበሩ ሽማግሎች ውሃው እንደ መስተዋት ነበር ይላሉ፣ እኔ የሽማግሌ ነገር ነው ብየ አላምንም ነበር፣ ግን አሳው ከመግባቱ በፊት መጥተው የለኩ ባለሙያዎች ውሃው ወደ 9 ሜትር ድረስ ወደታች ጥርት ብሎ ይታይ እንደነበር ፅፈዋል፣ አሁን አንድ ሁለት ሜትር ካየህ አመስግን። ለምን ብትሉ፣ ውሃው ውስጥ በአይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ነበሩ አረንጓዴውን ነገር የሚበሉት፣ አሳው ሲመጣ ነፍሳቱን በላቸው፣ ነፍሳቱ ሲያንሱ አረንጓዴው በዛ። ይሄን አንድ ጊዜ ጥናት ሊያደርጉ የመጡ ልጆች ታንኳየ ላይ ቁጭ ብለው አስረዱኝ፣ እኔ ስቀዝፍ እነሱ ገመድ ላይ ነጭ ሰሀን አስረው ያወርዱ ነበር፣ መጀመሪያ ጠንቋይ መስለውኝ ነበር።

አሁን ለምን አነሰ ላልሽው ግን መልሱ መረብ ነው። እኔ ስጀምር የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ ነበር፣ ትንሹ አሳ ያልፋል፣ ትልቁ ይያዛል። ከዛ ትልቁ ሲቀንስ ሰው መረቡን ጠበብ አደረገ፣ እኔም አደረኩ፣ ልጆች ነበሩኝ፣ ከዛ የባሰ ጠበበ፣ ገና አንዴም እንቁላል ያልጣለውን ማውጣት ጀመርን፣ ያልወለደ ካለቀ ማን ይወልዳል። ሁሉም ያውቀዋል እኮ፣ ችግሩ እኔ ዛሬ ሰፊ መረብ ብጥል ጎረቤቴ ጠባብ ጥሎ የኔን ያወጣዋል፣ ስለዚህ ሁሉም ባንድ ቀን ካልተወ ማንም አይተወውም። የአሳ አስጋሪ ማህበሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ተስማማን፣ ስንት ጊዜ ደግሞ ሌሊት መጥተን ተያየን! አንድ ሌሊት በጨረቃ መረቤን ልጥል ወጣሁ፣ ማንም የለም ብየ፣ ለካ አምስት ታንኳ ነበርን፣ ማንም ማንንም ሰላም አላለም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንዳንዴ በብርድና በነፋስ ወራት አሳ ሞቶ ሲንሳፈፍ ሰው "ተመረዘ" ይላል። ሁልጊዜ መርዝ አይደለም። ሐይቃችን ጥልቅ ነው፣ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከታች ያለው ውሃ አየር የለውም፣ ላይኛው ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲያማስለው ታችኛው ወደ ላይ ይመጣና አሳው ይታፈናል። ግን እንደዛ የሞተ አሳ ለቅማችሁ አትብሉ፣ አትሽጡም፣ አይ ቅመም ሲበዛበት አይታወቅም የምትሉም አላችሁ፣ እናንተን አውቃችኋለሁ።

ጥያቄ፦ በዐብይ ፆም አሳ ይበላል አይበላም?

መልስ፦ ይሄን ለንስሐ አባትሽ ጠይቂ፣ እኔ እስላም ነኝ። በፆም ወቅት ዋጋው እንደሚወደድ ግን መስክሬ ልነግርሽ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ የ9 ዓመት ነው፣ በየቀኑ ሐይቅ ወርዶ ይዋኛል፣ አሁን ሆዱን ያመዋል ሰገራው ላይ ደም አየሁ፣ ኮሶ ላጠጣው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ ኮሶ አይደለም ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጅው፣ ሰገራውን ይመርመሩት። ቢልሃርዝያ ሊሆን ይችላል፣ እኛ አካባቢ አለ፣ የሐይቅ ከተማ ተማሪ ልጆች ላይ ተጠንቶ ተገኝቷል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንትል ይባላል፣ እንደ ኪሎው ተለክቶ ነው የሚሰጠው፣ ከሰው ቤት የተረፈ እንክብል አትስጭው።

አመጣጡን ሁላችሁም ስሙኝ ምክንያቱም ሁላችንም ልጅ አለን። የተያዘ ሰው ውሃ ዳር ይፀዳዳል፣ እንቁላሉ ውሃ ይገባል፣ ዳር ዳሩን ሳር ላይ የምታዩት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዛ ወጥቶ ውሃው ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ መጠጣት አይጠበቅበትም፣ እግር ብቻ ይበቃዋል። የሚወጣው ቀን በፀሐይ ነው፣ ማለትም ልክ ልጆቹ በሚዋኙበትና እናንተ ልብስ በምታጥቡበት ሰዓት። ስለዚህ ሳር የበዛበት ዳር ላይ አትቁሙ፣ ልብስ ውሃ ቀድታችሁ ከዳሩ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፣ ቀድታችሁ በርሜል ውስጥ ሁለት ቀን ካሳደራችሁት ነገርየው ይሞታል። ትልቁ ነገር ግን ሽንት ቤት ነው። እኛ ሰፈር ሽንት ቤት ያለው ቤት ስንት እንደሆነ እኔ የቅሬ ፀሐፊው አውቃለሁ፣ እዚህ አልፅፈውም፣ አሳፋሪ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ገዳሙ ደሴት ነበር ይላሉ፣ አሁን በእግር ነው የሚገባው፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ድሮ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፣ ውሃው ሲሸሽ ከመሬት ጋር ተያያዘ፣ አሁን የምትሄድበት መንገድ የሐይቅ ወለል ነበር በለው። የእኛ ሐይቅ በመሬት ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፣ የሚገባው ነው ያለው፣ ትልቁ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ የሚመጣው ነው፣ ከዛ ዝናብና ጎርፍ። የሚጎልበት በፀሐይ እየተነነ ነው፣ በኛም ፓምፕ። አርዲቦ ላይ ያሉት ለመስኖ ሲወስዱ ወደኛ የሚመጣው ያንሳል፣ እኛ ደግሞ ለሽንኩርት ለቲማቲም ለጫት እንስባለን፣ ባሉን ፓምፖች ድምፅ ጠዋት ጠዋት የወፍ ድምፅ አይሰማም። እኔ ራሴ የልጄ ፓምፕ ነው ጓሮየን የሚያጠጣው፣ ስለዚህ ጣቴን ማንም ላይ አልቀስርም። ግን መሬቱ ሲሸሽ ማን ይወስደዋል የሚለው ነው የሚያሳስበኝ፣ ውሃ ሁለት ሜትር በሸሸ ቁጥር አንድ ሰው ካስማ ይተክላል፣ የአጥሩም ነገር ከዚሁ ነው የመጣው፣ ሰውየው "ይሄ ቦታ እኮ ድሮ ሐይቅ ነበር የማንም አልነበረም" ነው ያለን። የማንም ያልነበረ ማለት የሁላችን የነበረ ማለት ነው እንጂ አጥረህ ውሰደው ማለት ነው እንዴ? ይሄን ሐሙስ ለት ሾላው ስር አልኩት፣ ዝም አለኝ።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤት አሳይመንት ነው፣ ሐይቁ እንዴት ተፈጠረ?

መልስ፦ የሳይንሱን ቲቸርህን ጠይቅ፣ እኔ የማውቀው ተረቱን ነው። የኛ እናቶች የሚነግሩን፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፣ እግዜር ተቆጣ፣ የተቀመጠችበትን ቁራሽ መሬት ብቻ ትቶ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፣ ልዕልቷም ዘመዶቿም ሰጠሙ፣ ሴትየዋ የተቀመጠችበት ደሴት ሆነ፣ ገዳሙ ያለበት። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብለህ ጨምርበት፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ ግን የነፍሰ ጡሯን ተረት ነው የምወደው፣ የተበደለ ሰው ከመሬቱ አልተነሳም።

ጥያቄ፦ ሴቶች ገዳሙ መግባት ይችላሉ? በዓሉስ መቼ ነው?

መልስ፦ ወንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት። በዓሉ ጥቅምት 17 እና ጥር 1 የእስጢፋኖስ፣ ህዳር 26 ደግሞ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ትልቅ ትምህርት ቤት ያደረጉት እሳቸው ናቸው፣ አባ ተክለ ሃይማኖትም እዛ ነው የተማሩት ይባላል። ያን ሰሞን ሰፈራችን በእንግዳ ይሞላል፣ የምታከራዩት ክፍል ካለ ፍራሹን አሁን ፀሐይ ላይ አውጡት፣ አምና ሰው በቁንጫ ሲማረር ሰምቻለሁ፣ የማን ቤት እንደሆነም ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ተከራይ ነን፣ ክርስቲያን ነን፣ ከጎንደር ነው የመጣነው፣ ቅሬ ምንድን ነው ግቡ ግቡ ይሉናል?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። እናንተ እድር የምትሉት ነው። በወር መዋጮ አለ፣ ብዙ አይደለም፣ ዋናው ገንዘቡ አይደለም ጉልበቱ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ አንድ ወጣት ከየቤቱ ይወጣል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሴቶቹ እንጀራና ውሃ ይዘው ይመጣሉ። ያልመጣ ይቀጣል፣ ሦስቴ ያልመጣ ይሰረዛል፣ ሰርዘን ግን እናውቃለን ወይ ብትሉኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ተመልሷል።

የእስላምና የክርስቲያን ብለን አልከፈልነውም። እስላም ሲሞት በዚያው ቀን ነው የሚቀበረው፣ ክርስቲያኑ ወጣት አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ክርስቲያን ሲሞት ደግሞ እስላሙ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ ተሸክሞ ይሄዳል። ድግስ ላይ ስጋው ይለያል፣ የእስላሙን እስላም ያርደዋል የክርስቲያኑን ክርስቲያን፣ ድስቱም ለብቻ ነው፣ ስለዚህ ተዝካር ቢኖራችሁ አንድ በግ ለእስላም ጎረቤት አስባችሁ ተነሱ፣ ማረጃውን እኛ እንልካለን። እንዲህ ሲሆን ማንም አይቸገርም። አምና አንዲት እናት አርፈው፣ ልጆቻቸው ሁሉ አረብ አገር ናቸው፣ አንድም አልደረሰም፣ ገንዛ የቀበረቻቸው ቅሬዋ ናት፣ ሦስት ቀን ቤታቸው ውስጥ እሳት አልጠፋም፣ ልጅቷ በቪዲዮ ስታለቅስ ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ፣ እጄ ሲዝል ሌላ ሰው ተቀበለኝ፣ ከሱም ሌላ። መመዝገቢያ የወሩ የመጀመሪያው እሁድ ነው፣ እኔ ቤት፣ ሾላው አጠገብ አረንጓዴ በር።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ለሰርግ ፎቶ የሚመጡት ስፒከር ነገር አይባልም?

መልስ፦ ተባለ፣ አልሰሙም፣ ስፒከሩ ትልቅ ነው። በበኩሌ ዘፈኑ አይደለም የሚያናድደኝ፣ የሃይላንድ ፕላስቲኩ ነው፣ ጥለውት ይሄዳሉ፣ ከብት ይበላዋል፣ ሆዱ ውስጥ ይቀራል። ወጣቶቹ ሰኞ ሰኞ ይለቅሙታል፣ እግዜር ይስጣቸው። ሙሽሮችን በደንብ አድርጋችሁ ተቀበሉ፣ ግን ጆንያ ስጧቸው፣ እኔ ለሚዜዎቹ ጆንያ ሰጥቸ አውቃለሁ፣ አንዱ በሱፉ ለቀመ።

ጥያቄ፦ ከቤሩት ነን፣ ስድስት ሴቶች ነን፣ ብር አዋጥተናል፣ ለሰፈሩ ምን እናድርግ? መስጊድ ጀኔሬተር ተባለ ድንኳንም ተባለ።

መልስ፦ አላህ ይስጣችሁ፣ ላባችሁን ነው የምትልኩት እናውቃለን። ድንኳን አለን፣ ያረጀ ቢሆንም ዝናብ ይከላከላል። እኔ ከጠየቃችሁኝ፣ ገመድና ከመነዳሪ ግዙልን። አትሳቁ። የሐይቁ ዳር በአንዳንድ ቦታ ሁለት እርምጃ ነው፣ ከዛ መሬት የለም፣ ልጅ እስከ ጉልበቱ ነው ብሎ ይገባና ድንገት ከራሱ በላይ ይሆንበታል። ሰው ደግሞ መዋኘት ሳይችል ሊያድን ዘሎ ይገባል፣ ሁለት ሆነው ይቀራሉ። የመኪና ከመነዳሪ ተነፍቶ ረጅም ገመድ ታስሮበት በየመውረጃው እንጨት ላይ ከተሰቀለ የማይችል ሰውም ይወረውረዋል። አምስት መውረጃ አለን፣ አምስት ከመነዳሪ። ገንዘብ ከተረፈ ለጀልባዎቹ ላይፍ ጃኬት፣ ነጂዎቹ እንደማይለብሱት አውቃለሁ፣ ተሳፋሪው ይልበስ። ከዛም ከተረፈ፣ ከላይ ስለ ሽንት ቤት የፃፍኩትን አንብቡ።

ብሩን በኔ ስም አትላኩ፣ በቅሬው ደብተር አስገቡ፣ ሦስት ሰው ፈርሞ ነው የሚወጣው፣ እኔ ከሦስቱ አንዱ አይደለሁም፣ ፀሐፊ ብቻ ነኝ፣ እንደዛ ነው ጥሩው።

ጥያቄ፦ ልጄ ወላጆቻችን ሐይቁን ሎጎ ይሉት ነበር ለምን ቀረ? (ይሄ ከአንዲት እናት ነው፣ ቡና ላይ)

መልስ፦ እማየ አልቀረም፣ እርስዎ እያሉት አይደል። ልጆቹ "ሐይቅ ሐይቅ" ሲሉ ግን ስሙ ሐይቅ የሆነ ሐይቅ ሆኖ ቀረ፣ ለማያውቅ ሰው ስናስረዳ ነው ችግሩ፣ "የት ነህ?" "ሐይቅ" "የትኛው ሐይቅ?" "ሐይቅ!"

ጥያቄ፦ ባጃጅ ከከተማ ወደ ሐይቁ ዳር ማታ ስንት ሰዓት ድረስ አለ?

መልስ፦ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው በኮንትራት ነው፣ እንደ ፊታችሁ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ ሐሙስ ዕለት ውሃ ዳር ጫማና ጀሪካን ተገኝቷል ተባለ የት ነው ያለው?

መልስ፦ እኔ ጋ ነው ያለው፣ አንድ ቢጫ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ፣ እና ሰማያዊ ሸራ ጫማ። ለጀሪካኑ እስካሁን ሦስት ባለቤት መጥቷል፣ ሁሉም ቢጫ ነው አሉ፣ ቢጫ ያልሆነ ጀሪካን የት አለና፣ ስሩ ላይ ምን እንደተፃፈ የነገረኝ ይወስደዋል። ጫማው ግን የግራ እግር ብቻ ነው፣ ባለቤቱ ቀኙን አድርጎ ይምጣ።